ዋሳችን ፈቃዱን ተነጠቀ

አገር ቤት አንድ ሰው ሥራ ሲቀጠር ዋስ አምጣ ይባላል። በተለይ ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ከሆነ ያለ ዋስ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። ደመወዙን የሚገልጽ፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያጽፍ አጎት ይፈለጋል። አጎት ከሌለ የአጎት ጓደኛ። (የአጎት ጓደኛም ከሌለ… ያው ታውቁታላችሁ።) ነገሩ አሰልቺ ቢሆንም ግልጽ ነው። ዋሱን የሚያመጣው ሠራተኛው ነው፤ የሚቀበለው አሠሪው ነው።

እንግሊዝ አገር ይኼው ነገር ተገልብጦ ጠበቀን። እዚህ ዋሱ አሠሪው ራሱ ነው፤ ዋስትናውን የሚቀበለው ደግሞ መንግሥት። ድርጅቱ “ይህ የውጭ አገር ሰው በእኔ ይሁንባችሁ፤ ሥራ አለኝ፣ ደመወዙን እከፍላለሁ፣ ከጠፋም እናገራለሁ” ብሎ ይፈርማል። ታዲያ ማንም እየተነሳ ዋስ ልሁን ማለት አይችልም። ዋስ ለመሆን ራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስፖንሰር ላይሰንስ ይባላል። ዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ሲማረሩበት የምንሰማው “ከፊል” የሚለው ቃልም በዓረብኛ ትርጉሙ ዋስ ነው። ስሙ እንኳን ከአገር አገር አልተቀየረም።

ይህን የምንጽፈው ሦስት ሆነን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለማስተርስ መጥተን፣ ተመርቀን፣ የድኅረ ምረቃ ቪዛችን ሳያልቅ በፊት በ2024 መጀመሪያ ወደ ኬር ሥራ የገባን ነን። ኬር ማለት አረጋውያንንና ሕሙማንን እየዞሩ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ማጫወት ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሦስታችንም አንድ ትንሽ ድርጅት ዋስ ሆነን፤ ዓመት ከምናምን ሠራን፤ ከዚያም ድርጅቱ ፈቃዱን ተነጠቀ። ስሙን እዚህ አንጠራም።

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን የሚጠይቁን ሁሌ ስለ ቪዛ ነው። “ቪዛ ስንት ይፈጃል?”፣ “ቪዛ ስንት ወር ይወስዳል?” ስለ አሠሪው ፈቃድ የጠየቀን ሰው ግን እስካሁን አንድም የለም። እኛም ስንገባ የጠየቀንም የነገረንም አልነበረም። ቪዛው ግን ፓስፖርታችን ላይ ተመትቶ የሚቀመጥ የእኛ ንብረት ይምሰል እንጂ የተንጠለጠለው በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ነው። ያ ወረቀት ሲቀደድ የእኛም አብሮ ይወድቃል።

ፈቃዱ እንዴት ይገኛል ካላችሁ፣ እንደምትፈሩት ከባድ አይደለም። ድርጅቱ ኢንተርኔት ላይ ፎርም ሞልቶ ይከፍላል። ክፍያው ለትንሽ ድርጅትና ለበጎ አድራጎት በኤፕሪል 2025 574 ፓውንድ፣ ለትልቁ 1,579 ፓውንድ ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት 536 እና 1,476 ነበር። 574 ፓውንድ እዚህ አገር አንድ ደህና ስልክ አይገዛም፤ ሰው ግን ያስመጣ ነበር! ክፍያው ካለቀ በኋላ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሰነዶች ይላካሉ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ዘንድ በአሠሪነት መመዝገቡን የሚያሳይ፣ ቢያንስ የ5 ሚሊዮን ፓውንድ ሽፋን ያለው የአሠሪነት ኢንሹራንስ፣ የቢሮ ኪራይ ውል፣ የባንክ ሰነድ፣ የመሳሰሉት። አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አራት ሰነድ ይጠየቃል።

ሰነዱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሰውም ይፈለጋል። አንድ ሁሉን የሚያዝ ኃላፊ ይሰየማል፤ ስህተት ቢፈጠር ተጠያቂው እሱ ነው። ከሆም ኦፊስ ጋር የሚነጋገር ተጠሪ ይኖራል። ደግሞ የስፖንሰሮች መቆጣጠሪያ በተባለው ሲስተም በየቀኑ የሚገባና ሪፖርት የሚያደርግ ተጠቃሚ ያስፈልጋል። ሦስቱም አንድ ሰው ቢሆን አይከለከልም፤ ትንንሽ ድርጅቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስቱም ባለቤቱ ነው። የእኛም እንደዚያ ነበር። እነዚህ ሰዎች ያልተሰረዘ የወንጀል ጥፋት ሊኖርባቸው አይገባም። ሆም ኦፊስ ከፈለገ ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ሰው ልኮ ቢሮውን ያያል። ካልፈለገ ደግሞ አያይም። በእንግሊዝ ግዛት ለኬር ድርጅቶች ከማርች 11 ቀን 2024 ወዲህ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የጤናና የእንክብካቤ ጥራት ተቆጣጣሪ በሆነው ኮሚሽን (ሲ ኪው ሲ) ያልተመዘገበ ድርጅት አዲስ ኬር ሠራተኛ ስፖንሰር ማድረግ አይችልም።

ከማርች 2024 በፊትስ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

እንግሊዝ ከኮሮና በኋላ አረጋውያኑን የሚጦር ሰው አጥታ ነበር። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2022 ኬር ሠራተኞች ከውጭ በስፖንሰር እንዲመጡ በሩ ተከፈተ። በሩ ሲከፈት ፈቃድ ፈላጊው ጎረፈ። በማርች 2024 የወጣ አንድ ሪፖርት አለ፤ ያዘጋጀው ቀደም ሲል የድንበርና ኢሚግሬሽን ዋና ኢንስፔክተር የነበረው ዴቪድ ኒል ነው። ከሪፖርቱ ሦስት ቁጥሮች እንንገራችሁ። ጨርሶ የሌለ፣ በምድር ላይ ያልቆመ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ 275 የስፖንሰርነት ሰርተፊኬት ተሰጥቶታል። ፈቃድ ሲጠይቅ አራት ሠራተኞች ብቻ አሉኝ ያለ ሌላ ድርጅት ደግሞ 1,234 ተሰጥቶታል። ሦስተኛው ቁጥር ሁለቱን ያስረዳል፤ ፈቃድ ላላቸው 1,600 አሠሪዎች የነበረው ተቆጣጣሪ አንድ ሰው ነበር። አንድ! ሰውየው በየቀኑ አንድ አንድ አሠሪ ቢጎበኝ እንኳ፣ ቅዳሜና እሁድንም ሳያርፍ፣ ተራው ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ሰርተፊኬት ሲባል ደግሞ ፍሬም ውስጥ የሚሰቀል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሲስተሙ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። አሠሪው የሠራተኛውን ስም፣ የሥራውን ዓይነት፣ ሰዓቱን፣ ደመወዙን፣ ቦታውን ያስገባል፤ ቁጥር ይወጣለታል። ሠራተኛው በዚያ ቁጥር በሦስት ወር ውስጥ ቪዛ ያመለክታል። የቁጥሩ መንግሥታዊ ዋጋ 239 ፓውንድ ነበር፤ በኤፕሪል 2025 525 ሆነ። አሠሪው ከዚያም ሌላ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየዓመቱ የሚታሰብ የክህሎት ክፍያ አለበት። ትንሽ ድርጅት 364 ፓውንድ ይከፍል ነበር፤ በዲሴምበር 2025 480 ሆኗል። የክህሎት ክፍያው ወደ ሠራተኛው አይተላለፍም፤ የሰርተፊኬቱም ዋጋ ከዲሴምበር 31 ቀን 2024 ወዲህ እንዲሁ። ይህን ያዙልን፤ ቆይቶ ይጠቅማል።

የእኛ አሠሪ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ስንል እየቀለድን አይደለም። በረዶ የጣለ ቀን በራሱ መኪና ከአንዱ አረጋዊ ቤት ወደ ሌላው ያደርሰን ነበር። ለገና ለእያንዳንዳችን ፖስታ ሰጥቶናል። (ገናቸው ነው፤ የእኛን ገና ሥራ ላይ አሳለፍነው።) ችግሩ ሰርተፊኬታችን ላይ የጻፈው በሳምንት 39 ሰዓት ሆኖ፣ በሮታው ላይ የምናገኘው አንዳንድ ሳምንት 22፣ አንዳንድ ሳምንት 18 መሆኑ ነው። ከአካባቢው አስተዳደር አገኘዋለሁ ያለው ኮንትራት አልመጣለትም። ሰው ግን አስቀድሞ ሰብስቧል። ደመወዛችን በሠራነው ሰዓት ልክ ይገባል፤ ሲስተሙ ውስጥ ያለው ደመወዝ ግን የ39 ሰዓት ነው። ሆም ኦፊስ ከግብር መሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መረጃ ያገኛል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው የቀረው።

እንግዲህ ፈቃዱን ማቆየት የሚባለው ይኼ ነው። ማግኘቱ የፎርም ጉዳይ ነው፤ ማቆየቱ ግን የየቀን ሥራ። ዋስ የሆነ ድርጅት የሠራተኛውን አድራሻና ስልክ እያደሰ ይይዛል፤ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ማስረጃ፣ የደመወዝ ሰነዱን፣ የቀረበትንም ቀን ሁሉ ያስቀምጣል። ሠራተኛው ያለ ፈቃድ ከአሥር ተከታታይ የሥራ ቀናት በላይ ከቀረ፣ ደመወዙ ከተቀነሰ፣ የሥራ ቦታው ከተቀየረ፣ ሥራውን ከለቀቀ፣ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ሪፖርት ያደርጋል። ድርጅቱ ራሱ አድራሻ ቢቀይር ወይም ቢሸጥ በሃያ የሥራ ቀናት ውስጥ። ተቆጣጣሪዎቹ ሳያስታውቁ ይመጣሉ። ፋይል ይከፍታሉ፤ ሠራተኛውን ለብቻው ያናግራሉ። ባጭሩ፣ አለቃህ ትርፍ ሰዓቱን የድንበር ጠባቂ ሆኖ ይሠራል። በነገራችን ላይ ለዚህ የሚከፍለው እሱ ነው እንጂ ማንም አይከፍለውም።

ከደንቦቹ ሁሉ አንዱ ከእኛ አንዷን ነክቷታል። ሠራተኛው በአንድ የዘመን መቁጠሪያ ዓመት ውስጥ በድምሩ ከአራት ሳምንት በላይ ያለ ደመወዝ ከቀረ፣ አሠሪው ስፖንሰርነቱን ማቆም አለበት። የወሊድ፣ የሕመምና የመሳሰሉት ፈቃዶች ከዚህ ይወጣሉ። ለቅሶ ግን በስሙ ተለይቶ አልተጻፈም። አባቷ በ2024 ክረምት አረፉ። የዓመት ፈቃዷን ጨርሳ ስለነበር ያለ ደመወዝ ሄደች። ቀብሩ ላይ አልደረሰችም፤ ሰልስቱን ደረሰች። ከዚያ እናቷ “አርባውን አውጥተሽ ሂጂ” አሏት። አርባ ማለት አርባ ቀን ነው፤ አራት ሳምንት ደግሞ ሃያ ስምንት ቀን ነው። ይህን ሒሳብ ለሐዘንተኛ እናት ማን ያስረዳል? “ስፖንሰሬ ይቋረጣል” ብትል “ስፖንሰር ደግሞ ምንድን ነው፣ አባትሽ እኮ ነው የሞተው” ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። በሃያ አምስተኛው ቀን ተመለሰች። አርባው በቪዲዮ ስልክ ወጣ፤ ከድንኳኑ አንድ ጥግ ስልኩን ሰው ይዞላት፣ እሷ የሌሊት ሺፍት ላይ ሆና።

ወደ ፈቃዱ እንመለስ። ፈቃድ ያገኘ ድርጅት “ኤ” ደረጃ ይሰጠዋል። ጉድለት ከተገኘበት ወደ “ቢ” ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ የማሻሻያ ዕቅድ ይሰጠዋል፤ ለዕቅዱም ራሱ ይከፍላል። ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ፈቃዱ ይታገዳል። በእገዳው ጊዜ አዲስ ሰርተፊኬት መስጠት አይችልም፤ ነባሮቹ ሠራተኞች ግን መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። መልስ ለመስጠት ሃያ የሥራ ቀን አለው። መልሱ ካላጠገበ ፈቃዱ ይነጠቃል። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ የውሳኔውን ሕጋዊነት መሞገት ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የጠበቃ ገንዘብ ላለው ነው። ቀድሞ ፈቃዱ በየአራት ዓመቱ ይታደስ ነበር፤ ከኤፕሪል 6 ቀን 2024 ወዲህ እድሳት ቀርቷል። ስለዚህ አሁን ፈቃዱ በራሱ ጊዜ አያልቅም፤ ግን በየትኛውም ማክሰኞ ሊነጠቅ ይችላል። ትልቅነትም አያድንም። በኦገስት 2012 ለንደን ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪ የማስመጣት ፈቃዱን ተነጥቆ ከሁለት ሺህ በላይ ተማሪዎች ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ ተብለው ነበር።

የእኛው በፌብሩዋሪ 2025 ታገደ። አሠሪያችን ለእኛ አልነገረንም። አስቡት፤ ሕጉ እኛ ቤት ስንቀይር በፍጥነት እንድንነግረው ይፈልጋል፤ የእሱ ፈቃድ ሲታገድ ግን እኛ ያወቅነው ከሥራ ባልደረባችን ሐሜት ነው። “ጥቂት ወረቀት ጎድሎ ነው፣ ይስተካከላል” አለን ስንጠይቀው። በኤፕሪል ተነጠቀ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ለሦስታችንም በተለያየ ቀን ኢሜይል መጣ። ቪዛችሁ እስከ 2027 የነበረው ወደ ስልሳ ቀን አጥሯል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ስፖንሰር አግኝታችሁ አመልክቱ፤ አለዚያ አገሩን ልቀቁ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ሰዓቱን ያጎደለው ድርጅቱ ነው። ፈቃዱን ያጣ ድርጅት ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር ጠብቆ እንደገና ማመልከት ይችላል። በዚህ መሃል ከአገር ውጣ የሚለው የለም፤ ቤቱም ልጆቹም እዚያው ናቸው። ሰዓት የተነፈገው፣ ጎዶሎ ደመወዝ የበላው ሠራተኛ ግን ስልሳ ቀን ይሰጠዋል። መንግሥት ራሱ እንዳስታወቀው ከጁላይ 2022 እስከ ዲሴምበር 2024 በኬር ዘርፍ ከ470 በላይ ፈቃዶች ተነጥቀዋል፤ በእነዚህ አሠሪዎች ሥር የነበሩት ሠራተኞች ከ39,000 በላይ ናቸው። ተቆጣጣሪ ይኑር፣ አጭበርባሪው ይነጠቅ፤ እኛም እንላለን። ግን ዋሱ ሲያጠፋ የሚቀጣው ዋስ የተጠራለት ሰው ነው የሚል ሕግ አገር ቤት እንኳ አልሰማንም። አገር ቤት ቢያንስ ገንዘብ ያዡ ሲያጠፋ ነው አጎት የሚከፍለው!

ስልሳው ቀን እንዴት እንዳለፈ ብዙ አንተርክላችሁም። ጠዋት ጠዋት ማመልከቻ፣ ማታ ማታ ቀን መቁጠር። ከኤፕሪል 9 ቀን 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ ያለ ኬር አሠሪ ከውጭ ሰው ከማስመጣቱ በፊት እንደ እኛ ስፖንሰራቸውን ካጡ ሠራተኞች መካከል እንዲፈልግ ታዝዞ ነበር። በየክልሉ ስማችንን የሚመዘግቡ ቢሮዎችም ነበሩ። ተመዘገብን። ከሦስታችን አንዱ ቃለ መጠይቅ ያገኘው በዚያ መንገድ ነው፤ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን እንደ እኛ ያለው ብዙ ነው። ሁለተኛው በስልክ ያገኘው “አሠሪ” ያለ ምንም ቃለ መጠይቅ ሰርተፊኬት እሰጥሃለሁ አለው፤ ዋጋ 8 ሺህ ፓውንድ፣ ግማሹ ቅድሚያ። አሁን ቅድም ያዙልን ያልናችሁን ቁጥር አውጡት። ሰርተፊኬቱ 525፣ የሦስት ዓመት የክህሎት ክፍያ በዚያን ጊዜ ለትንሽ ድርጅት 1,092። ድምሩ 1,617 ፓውንድ ነው፤ እሱንም አሠሪው ከኪሱ ሊከፍለው የሚገባ። ቀሪው 6,383 የምን ነው? ጓደኛችን ይህንኑ ጠየቀው። ሰውየው ስልኩን ዘጋው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ አንድ ነገር በግልጽ እንበል። ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ኬር ሠራተኛን ከውጭ በአዲስ ስፖንሰር ማስመጣት ተዘግቷል። እዚያው አገር ውስጥ ያሉት ናቸው እስከ ጁላይ 2028 በሽግግር ደንብ የሚቀጥሉት። በዚያው ቀን የሌላው ሙያ መነሻ ደመወዝም በአጠቃላይ በዓመት ወደ 41,700 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ቦሌ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ጋብዞ “የኬር ሰርተፊኬት አለኝ፣ ሦስት ሰው ብቻ ነው የቀረው” የሚላችሁ ደላላ የሚሸጥላችሁ የተዘጋ በር ነው። ለሌላ ሥራ ቢሆንም የፈቃድ ባለቤቶች ዝርዝር የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተለጥፏል፤ ከመቶ ሺህ በላይ ስም ያለበት ረጅም ፋይል ነው። የድርጅቱን ስም፣ ከተማውን፣ “ኤ” ይሁን “ቢ”፣ ታያላችሁ። ስሙ ከሌለ ነገሩ አለቀ። ስሙ ካለም ሥራው አለ ማለት አይደለም፤ የእኛም ስሙ ነበር። ግን መነሻ ነው፤ ለደላላው ከምትከፍሉት በፊት አምስት ደቂቃ አይጎዳም።

ሁለታችን በስልሳው ቀን ውስጥ አዲስ ስፖንሰር አግኝተን አመለከትን። ሦስተኛችን፣ ያቺው ለአባቷ አርባ ያልቆየችው፣ ቀኑ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ተጠራች። ቃለ መጠይቁ ላይ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እንደተለመደው በመጨረሻ “ጥያቄ አለሽ?” አሏት። አዎ ብላ ወረቀት አወጣች። ፈቃዳችሁ ስንተኛ ዓመቱ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ተቆጣጣሪ የመጣው መቼ ነው? ያለፉት የሦስት ወራት ሮታ ማየት እችላለሁ? ሲስተሙ ውስጥ የሚገባው ሰው ማነው፣ እሱ ቢታመም ማን ይተካዋል? ሴትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ ዝም ብለው አዩዋት። ከዚያ ተነስተው ከመደርደሪያው ወፍራም ፋይል አወረዱና፣ “ከሮታው እንጀምር” አሉ።